ኢስት ፋይፍ 1938፦ ዕድል ነው ወይስ ጉልበት?

ዘጠኝ ቁጥር (ክሩን የከፈተ)

ባለፈው ሳምንት ስለ ሂበርኒያን የ2016 ዋንጫ ስናወራ አንድ ወንድማችን «ከሁለተኛው ሊግ ተነስቶ የስኮትላንድን ዋንጫ የወሰደ የመጀመሪያው ክለብ» ብሎ ጻፈ፤ ብዙ ሰውም አጨበጨበለት። እዚያው ላርመው አስቤ ተውኩት፤ ነገሩ በአንድ መስመር የሚያልቅ አይደለም። ይኸው ለብቻው ክር ከፈትኩለት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከሂበርኒያን 78 ዓመት በፊት ኢስት ፋይፍ የሚባል ክለብ አድርጎታል። ፋይፍ በሚባለው አውራጃ የሜቲል ከተማ ክለብ ነው፤ ሜቲል ከኤድንብራ ተነስተው የፎርዝን ባሕረ ሰላጤ ሲሻገሩ ያለች ወደብ ናት። ያን ጊዜ የምትኖረው በድንጋይ ከሰል ነበር፦ ከጉድጓድ ይወጣል፣ በባቡር ይመጣል፣ መርከብ ላይ ይጫናል። ክለቡ በ1903 ተመሠረተ፣ በ1921 ሊግ ገባ፣ በ1930 አንድ ጊዜ ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን አድጎ በዓመቱ ከሠንጠረዡ ግርጌ ተጥሎ ተመለሰ። በ1937/38 የውድድር ዘመንም እዚያው ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ነበር፤ 5ኛ ሆኖ ጨረሰ። አምስተኛ! ማደግ እንኳ አልቻለም። በዚያው ዓመት ግን የአገሪቱን ዋንጫ ይዞ ሜቲል ገባ።

መንገዱ እንዲህ ነበር። ኤርድሪን 2 ለ 1 አሸነፉ፤ ደንዲ ዩናይትድን 5 ለ 0 ሸኙ። ከዚያ ወዲያ ቀላል ነገር አልመጣላቸውም። ከአበርዲን ጋር 1 ለ 1 ተለያይተው በድጋሚው ጨዋታ አበርዲን ሜዳ ድረስ ሄደው 2 ለ 1 ረቱ። ሩብ ፍጻሜው ከጎረቤታቸው ከሬዝ ሮቨርስ ጋር ነበር፦ 2 ለ 2፣ ከዚያም 3 ለ 2። ግማሽ ፍጻሜው ከኤድንብራው ሴንት በርናርድስ ጋር ሦስት ጨዋታ ፈጀ፦ 1 ለ 1፣ እንደገና 1 ለ 1፣ በመጨረሻ 2 ለ 1። ፍጻሜው ሃምፕደን ፓርክ ላይ ቅዳሜ ኤፕሪል 23 ከኪልማርኖክ ጋር 1 ለ 1 አለቀ። ረቡዕ ኤፕሪል 27 ተደገመ። ዘጠና ደቂቃው 2 ለ 2 ሆነ፣ ጭማሪ ሰዓት ተጫወቱ፣ 4 ለ 2 አሸነፉ።

ቁጠሩት፤ ለአንድ ዋንጫ 11 ጨዋታ። ቅያሪ ተጫዋች በሌለበት ዘመን፣ ሊጉም ጎን ለጎን እየሄደ። እኔ ይህን ዕድል የሚለውን ሰው አልረዳውም።


የቃሊቲው ተሟጋች

እኔ እለዋለሁ። አትረዳኝም ማለት ነው።

ዝርዝርህን ደግመህ ተመልከተው ወንድሜ። ኤርድሪ ሁለተኛ ዲቪዚዮን፣ ደንዲ ዩናይትድ ሁለተኛ ዲቪዚዮን፣ ሬዝ ሮቨርስ ሁለተኛ ዲቪዚዮን፣ ሴንት በርናርድስም ሁለተኛ ዲቪዚዮን። እስከ ፍጻሜው ድረስ ከትልቁ ሊግ የገጠማቸው አበርዲን ብቻ ነው። በፍጻሜው የቆማቸው ኪልማርኖክ ደግሞ በዚያ ዓመት ከመውረድ በጭንቅ የተረፈ ቡድን ነበር። ሴልቲክ የለ፣ ሬንጀርስ የለ፣ ሃርትስ የለ። ዕጣው በወርቅ ሳህን ቀርቦላቸው «ጉልበት ነው» ማለት ከየት የመጣ ነው? ሥራቸውን አላናንቅም፤ ዕድል አልነበረም ግን አትበለኝ።


ዘጠኝ ቁጥር

ጥሩ ክርክር ነው፤ ግማሹን እቀበልሃለሁ። ዕጣው ከትልልቆቹ ሰውሯቸዋል፤ ይህ የማይካድ ነው።

ሌላኛው ግማሽ ግን አይሄድም። አበርዲንን «አንድ ብቻ» ብለህ አለፍከው። አበርዲን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በሊጉ 2ኛ ነበር፤ በዋንጫውም ፍጻሜ ደርሶ በሴልቲክ 2 ለ 1 የተሸነፈው ከ140 ሺህ በላይ ሕዝብ ፊት ነው። እንዲህ ያለውን ቡድን በገዛ ሜዳው ማሸነፍ ተራ ነገር ነው?

ሬዝ ሮቨርስንም «ሁለተኛ ዲቪዚዮን» ብለህ አትናቀው። በዚያው ዓመት ሬዝ በ34 የሊግ ጨዋታ 142 ግብ አግብቶ ነው ዲቪዚዮኑን ያሸነፈው። በአማካይ በየጨዋታው ከአራት በላይ ማለት ነው። በብሪታንያ ሊጎች ይህን የሚያህል አማካይ የለም። ኢስት ፋይፍ ይህን ቡድን በሁለት ጨዋታ ገጥሞ ከዋንጫው አስወጣው። እኔ እንደማስበው ፍጻሜው ሃምፕደን ላይ ይደረግ እንጂ ትልቁ ጨዋታ ይሄ ነበር።

ኪልማርኖክ? በሊጉ ደካማ ነበር፣ አዎን። በዋንጫው ግን ሴልቲክን በሴልቲክ ሜዳ 2 ለ 1፣ ሬንጀርስን በግማሽ ፍጻሜ 4 ለ 3 አባርሮ ነው የመጣው። ሴልቲክ የዚያ ዓመት የሊግ ሻምፒዮን ነበር። አንተ «የሉም» ያልካቸውን ሁለቱንም ኪልማርኖክ በልቷቸዋል፤ ኢስት ፋይፍ ደግሞ ኪልማርኖክን በላ።


ቁጥር ወዳድ

ክሩ ርዕስ ላይ ትንሽ እርማት ካልጠላችሁ። «ከትልቁ ሊግ ውጭ ሆኖ ዋንጫ የወሰደ» ካላችሁ ኢስት ፋይፍም የመጀመሪያው አይደለም። ኩዊንስ ፓርክ በ1893 አሥረኛውንና የመጨረሻውን ዋንጫ ሲወስድ ከነጭራሹ ሊግ ውስጥ አልነበረም፤ የገባው በ1900 ነው። አማተር ስለነበሩ ሊጉን እንደ ገበያ ያዩት ነበር። ስለዚህ ትክክለኛው አባባል «በሁለተኛ ዲቪዚዮን ተመዝግቦ እየተጫወተ ዋንጫ የወሰደ የመጀመሪያው» ነው። ሁለተኛው ሂበርኒያን ነው፤ በ2016 ሬንጀርስን 3 ለ 2። ሬንጀርስም ራሱ ያን ዓመት በዚያው በሁለተኛው ሊግ ነበር።

ወደ እንግሊዝ ከተሻገርን ዌስት ብሮም በ1931 ተመሳሳይ ነገር አድርጓል፦ ከሁለተኛ ዲቪዚዮን ተነስቶ በርሚንግሃምን 2 ለ 1። እነሱ ግን በዚያው ዓመት አደጉ። ኢስት ፋይፍ ዋንጫውን ታቅፎ እዚያው ሁለተኛ ዲቪዚዮን ቀረ።


ዘጠኝ ቁጥር

እርማትህን ተቀብያለሁ። አንተ ባትኖር ይህ መድረክ በውሸት ይሞላ ነበር።


ጡረተኛው ዳኛ

ልጆቼ፣ ሰላም ናችሁ? ስለ 142 ግብ ያነሳችሁትን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የዚያን ዘመን ግብ ብዛት ስታዩ አጥቂዎቹ ሁሉ ጀግኖች፣ ተከላካዮቹ ሁሉ ሰነፎች ነበሩ አትበሉ። በ1925 የከጨዋታ ውጭ ሕግ ተለወጠ። ከዚያ በፊት ኳስ ሲቀበል አጥቂው በራሱና በግብ መስመሩ መካከል ሦስት ተጋጣሚ ሊኖረው ይገባ ነበር፤ ከ1925 ጀምሮ ሁለት በቂ ሆነ። ሐሳቡን ያቀረበውም ራሱ የስኮትላንድ እግር ኳስ ማኅበር ነው። በድሮው ሕግ አንድ ብልጥ ተከላካይ ሁለት እርምጃ ወደፊት ሄዶ የአጥቂውን መስመር በሙሉ ከጨዋታ ውጭ ያደርግ ነበር፤ ዳኛው ሲነፋ፣ ተመልካቹ ሲሳደብ ይውላል። ሕጉ ሲለወጥ በሩ ተከፈተ። ስለዚህ ሬዝ ሮቨርስ 142 ቢያገቡ አልደነቅም፤ የሚደንቀኝ እነሱን በሁለት ጨዋታ በአራት ግብ ብቻ ያቆማቸው የኢስት ፋይፍ ተከላካይ ነው።

ሌላው ኳሷ ናት። እኛ ልጅ ሳለን የተጫወትንባት ቆዳ ኳስ ከዚያች ብዙ አትለይም። ውስጧ ከመነዳሪ ነበረው፤ በአፍ ወይም በብስክሌት ፓምፕ ይነፋል፣ አንገቱ ተጠምዝዞ በክር ይታሰራል፣ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ከላይ ቆዳው እንደ ጫማ በማሰሪያ ይሰፋል። ያቺን ማሰሪያ በግንባር መምታት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል። ዝናብ ሲዘንብ ቆዳው ውኃ ይጠጣል፤ በሁለተኛው አጋማሽ የምትመቱት ኳስ ሳይሆን እርጥብ ጭቃ የተሞላ ከረጢት ነው። የስኮትላንድ ክረምት ውስጥ 11 ጨዋታ በዚህች ኳስ! እግዜር ይስጣቸው።


የቃሊቲው ተሟጋች

ጋሼ፣ እርስዎ ሲናገሩ መቃወም ያሳፍራል፤ ግን ኳሷ ለኪልማርኖክም ያው አልነበረችም?


ጡረተኛው ዳኛ

ያው ናት ልጄ። እኔ እኮ ስለ ኳስ እንጂ ስለ ፍርድ አልተናገርኩም።


ብሌን (ኤድንብራ)

ይህን ክር ሳገኝ ደስ አለኝ፤ እኔ ሜቲል ሄጃለሁና። ባለቤቴ የእግር ኳስ ነገር ሲነሳ አይችልም፤ «ዋንጫ የወሰዱበትን ቦታ እናያለን» ብሎ ቅዳሜ ጠዋት ጎተተኝ።

ከኤድንብራ ባቡር ይዘን የፎርዝን ትልቁን ድልድይ ተሻገርን፤ ሌቨን ላይ ወረድን። ያ የባቡር መስመር በ1969 ተዘግቶ የተከፈተው በ2024 ነው፤ አካባቢው 55 ዓመት ያለ ባቡር ኖሯል። ከጣቢያው በእግር ስንሄድ የሌቨን ወንዝ ባሕር ከሚገባበት አጠገብ ሜዳው አለ። ስታዲየም ነው ብለን እንጥራው እንጂ መቀመጫ ያለው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሦስት ጎኖች ባዶ ናቸው። ንፋሱ ከባሕር ቀጥታ ይመጣል። ግብ ጠባቂው ከግቡ የመታት ኳስ አየር ላይ ቆማ፣ አስባ፣ ወደ ራሱ ስትመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። ጥቁርና ወርቃማ ሻርፕ ያደረጉ ሽማግሌዎች ግን አንዳቸውም አልሳቁም፤ ለምደውታል።

አንድ ነገር ላርም፦ የ1938ቱ ቡድን የተጫወተበት ሜዳ ይህ አይደለም። ስሙ አንድ ነው፣ ቤይቪው፤ የድሮው ግን በ1998 ተሽጦ ቤት ተሠርቶበታል። ባለቤቴ ይህን የሰማው እዚያ ከደረስን በኋላ ነው። እኔ ሳቅኩ፤ እሱ ግማሽ ሰዓት አኮረፈ።


ዘጠኝ ቁጥር

እህቴ ብሌን፣ ለባለቤትሽ ሰላምታ አቅርቢልኝ፤ የኛ ወገን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልመለስ። ስለ ድጋሚው ፍጻሜ ማንም ያላነሳው ታሪክ አለ። ከመጀመሪያው ፍጻሜ በኋላ የግራ ሃፍባኩ (የዚያ ዘመን የግራ አማካይ ማለት ነው) ኸርድ ተጎዳ። አሰልጣኙ ዴቭ ማክሊን በአራት ቀን ውስጥ ሰው ፈልጎ ከሃርትስ ጆን ሃርቪ የሚባል ተጫዋች በውሰት አመጣ። ሃርቪ ለኢስት ፋይፍ ዋንጫ ውስጥ የተጫወተው ያችን አንዲት ጨዋታ ነው። ሌሎቹ አሥር ጨዋታ ጭቃ ውስጥ ተንከባለው ያገኙትን ሜዳሊያ እሱ ረቡዕ መጥቶ ረቡዕ ወሰደው።

መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ፤ ኸርድ አሳዘነኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን የማክሊንን አሠራር የሚያሳየኝ ይሄ ነው። ድሃ ክለብ ነው፤ ተጠባባቂ የሚቀመጥበት ወንበር የለውም። ሰው ሲጎዳበት ጎረቤት ሄዶ ይበደራል። እንደ በርበሬ፣ እንደ ሽሮ። ተበድሮም ያሸንፋል።


አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። በውሰት የመጣ ተጫዋች ፍጻሜ ላይ መጫወት ይፈቀድ ነበር? አሁን ቢሆን ክስ ይነሳ ነበር።


ቁጥር ወዳድ

ይፈቀድ ነበር፤ ዋንጫውም የተሰጠው ለዚህ ነው። ያን ጊዜ ክለቦች ተጫዋች መዋዋስ ብዙ አያስጨንቃቸውም።

ስለ ሃርቪ ልጨምር፦ በኋላ ለሃርትስ አሰልጣኝ ሆኖ ከ1966 እስከ 1970 ሠርቷል። በ1968 ቡድኑን ለዚያው ዋንጫ ፍጻሜ አድርሶ በደንፈርምሊን 3 ለ 1 ተሸነፈ። ደንፈርምሊንም የፋይፍ ክለብ ነው። ፋይፍ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው እጁ ወሰደበት።

ዴቭ ማክሊንም ያበቃው ሃርትስ ነው። በ1941 ኢስት ፋይፍን ትቶ ወደዚያ ሄደ፤ በ1951 እስኪሞት ድረስ አሠለጠነ። ኮን፣ ባውልድና ዋርድሆ የሚባሉትን ሦስት አጥቂዎች አንድ ላይ ያሰለፈው እሱ ነው።


የቃሊቲው ተሟጋች

የምትሉትን እያነበብኩ ነው፤ አቋሜ በትንሹ ተነቃንቋል። ሙሉ በሙሉ አልወደቀም። አንድ ነገር ንገሩኝ፦ ፍጻሜውን ስንት ሰው አየው? የትንሽ ከተማ ክለብና ደካማ ኪልማርኖክ ሲገናኙ ሃምፕደን ባዶ አልነበረም?


ዘጠኝ ቁጥር

ይህን ጥያቄ እየጠበቅኩት ነበር።

ቅዳሜ 80,091። ረቡዕ 92,716።

ረቡዕ የሥራ ቀን ነው። ሜዳ ላይ መብራት የለም፣ ጨዋታው በቀን ብርሃን ማለቅ አለበት። ከቅዳሜው በ12 ሺህ የሚበልጥ ሰው ሥራውን ትቶም ይሁን አስፈቅዶ መጣ። የሜቲል ሕዝብ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ቢወጣ እንኳ የሃምፕደንን አንድ ጥግ አይሞላም፤ ስለዚህ የመጣው ብዙው ሰው የማንም ደጋፊ አልነበረም። ሁለተኛ ዲቪዚዮን ዋንጫ ሲወስድ ሊያይ የመጣ ነው። አዩም። ማክኬረል ሁለት፣ ሚለር አንድ፣ ማክሊዮድ አንድ።

ማክሊዮድ የቅዳሜውንም ግብ ያገባው እሱ ነው። በሁለቱም ፍጻሜ ግብ አገባ፤ ዛሬ ስሙን የሚያነሳ ግን የለም።


ጡረተኛው ዳኛ

አንድ ነገር አስታወሳችሁኝ። ኢስት ፋይፍ ፍጻሜ ሲደርስ ያ የመጀመሪያው አይደለም እኮ። በ1927ም ሁለተኛ ዲቪዚዮን ሆኖ ደርሷል፤ ቀድሞ ግብ አግብቶ በሴልቲክ 3 ለ 1 ተሸነፈ። የሴልቲክ ትልቁ ግብ አዳኝ ጂሚ ማክግሮሪ በዚያ ቀን ተጎድቶ አልተጫወተም።

አሁን በ1938 የኪልማርኖክ አሰልጣኝ ማን እንደነበር ተመልከቱ። ራሱ ማክግሮሪ! ከሴልቲክ ወጥቶ ኪልማርኖክን የያዘው በዲሴምበር 1937 ነው፤ በጥቂት ወር ውስጥ የገዛ ክለቡን ከዋንጫው አስወጣ፣ ፍጻሜ ደረሰ። በ1927 ኢስት ፋይፍን ሊገጥም ሲገባው ጉዳት አስቀረው፤ በ1938 ገጠማቸው፣ ግን ቁምጣ ሳይሆን ኮት ለብሶ። ኮት ለብሶ ግብ የሚያገባ የለም።


ቁጥር ወዳድ

ጋሼ፣ ይህችን የመጨረሻዋን መስመርዎን ሰርቄ እጠቀምባታለሁ።


አዲስ ገቢ

ተሸናፊዎቹስ? ሴንት በርናርድስ የሚባለውን ክለብ አሁን ፈልጌ አጣሁት። ሦስት ጨዋታ ከታገለ ቡድን የት ገባ?


ቁጥር ወዳድ

አታገኘውም። ሴንት በርናርድስ በ1895 ዋንጫውን የወሰደ ታሪካዊ የኤድንብራ ክለብ ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልተረፈም። በ1938 አንድ ግብ ቢገለበጥ ዛሬ የምናወራው ስለ እነሱ ነበር፤ ያውም ስለሌለ ክለብ።


ብሌን (ኤድንብራ)

ይገርማል። እዚህ ስኖር ይህን ያህል ጊዜ ሆኖኝ ስሙን ዛሬ ከአዲስ አበባ ልጆች ሰማሁ። ባለቤቴን ጠየቅኩት፤ «እንዴት አታውቂም» ብሎ አሁን ሜዳቸው የነበረበትን ሰፈር ሊያሳየኝ አቅዷል። ዝናብ ይዘንባል፤ ታዩኛላችሁ።


የቃሊቲው ተሟጋች

ከዋንጫው በኋላስ ምን ሆኑ? ጉልበት ከነበራቸው በሚቀጥለው ዓመት ማደግ ነበረባቸው።


ዘጠኝ ቁጥር

በ1938/39 በዲቪዚዮኑ 3ኛ ሆኑ። የሚያድጉት ሁለት ናቸው፤ ካውደንቢዝና አሎአ አደጉ። ካውደንቢዝም ከዚያው ከፋይፍ ከሰል ማውጫ ነው፤ ያ አካባቢ ያን ጊዜ ኳስ በእርሻ ያበቅል ነበር ማለት ነው። በሴፕቴምበር 1939 ጦርነቱ መጣ፣ ሊጉ ቆመ። በ1938 ሃያ አምስት ዓመት የነበረው ተጫዋች ሊጉ ሲመለስ ሠላሳ ሦስት ሆኖታል። ያ ቡድን እንዲህ ነው ያለቀው፤ ማንም ሳያሸንፈው።

ያደጉት በ1948 ነው፤ በሌላ አሰልጣኝ፣ በስኮት ሲመን። በዚያው የውድድር ዘመን ከስኮትላንድ ዋንጫ የተለየውን የሊግ ካፑንም ወሰዱ፤ ያኔም ገና ሁለተኛ ዲቪዚዮን ነበሩ፤ ፎልከርክን በድጋሚው ጨዋታ 4 ለ 1። በድጋሚው ጨዋታ! ይህ ክለብ አንዴ አቻ ከወጣህ በኋላ የምትገጥመው ክለብ አይደለም። ሊግ ካፑን በ1949ና በ1953ም ደገሙት።


የቃሊቲው ተሟጋች

እሺ። ዕጣው ዕድል ነበር፣ ድጋሚዎቹ ጉልበት ነበሩ። ከዚህ በላይ አልወርድም።


ዘጠኝ ቁጥር

ይበቃኛል ወንድሜ። አራት ዙር በድጋሚ፣ አንዱም አልተሸነፈም።


አዲስ ገቢ

ለመጨረሻ ጊዜ፣ ይቅርታ። ቁጥር ወዳድ፣ ከላይ የሬዝ 142 ግብ ሲነሳ ያን ዘመን አንድ ተጫዋች ብቻውን በሁለተኛ ዲቪዚዮን 60 ምናምን ግብ አገባ የሚባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?


ቁጥር ወዳድ

66 ነው። ጂሚ ስሚዝ፣ ኤር ዩናይትድ፣ 1927/28፤ በ38 ጨዋታ። እንግሊዝ ውስጥ ዲክሲ ዲን ለኤቨርተን 60 ያገባው በዚያው የውድድር ዘመን ነው፤ ዓለም የሚያውቀው ግን ዲንን ነው። ነገ ማታ ለስሚዝ ለብቻው ክር እከፍታለሁ፤ ተሟጋቹ «ተከላካዮቹ ሰነፎች ነበሩ» ለማለት ከአሁኑ ይዘጋጅ።


የቃሊቲው ተሟጋች

ተዘጋጅቻለሁ።